መስሚያቸውን በኪሳቸው የያዙት ሽማግሌ

የአያ ይሻውን ጆሮ የወሰደው እርጅና አልነበረም። ትኩሳት ይዟቸው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝተው ከረሙ፤ ሲነሡ ነፍሳቸው ተመለሰች፣ ጆሯቸው ግን እንደ ወጣ ቀረ። «ነፍሴን ከተወልኝ ጆሮዬን ይውሰደው» ብለው ተጽናኑ። እውነቱን ለመናገር አልተጽናኑም። በጋፋትና በዙሪያው እሳቸው ያልተቀመጡበት ሽምግልና አልነበረም። መስማት የማይችል ሽማግሌ ደግሞ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ላይ ሊያስመስሉ ሞከሩ። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲከራከሩ፣ አያ ይሻው አፍ አፋቸውን እያዩ ለአንዱም ለሌላውም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሁለቱም «አያ ይሻው ፈርደውልኛል» ብለው ተነሡና ጠቡ ከበፊቱ ባሰ። ከዚያ ወዲያ የጠራቸው የለም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎቹ ወደ ወይራው ጥላ ሲያዘግሙ እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ቤታቸው ይገባሉ። ክፉ የተናገራቸው አልነበረም፤ ብቻ ተዋቸው። መተው ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

መላ ያመጣችው ልጃቸው ትዕግሥት ናት። ከተማ ስልክ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ለበዓል ስትመጣ ሰው የተናገረውን ሰምቶ የሚጽፍ ስልክ ይዛላቸው መጣችና የማይክ ምልክቱን ነክታ ተናገረች። አያ ይሻው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ዳዊት እንደሚደግሙ ሁሉ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ፦ «አባቴ፣ እንደምን አደሩ።»

«እስቲ ሌላ ተናገሪ» አሏት። ያን ቀን ልጅቱ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ አወራች።

ስልኩ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ይደናገራል፤ የባላገር አነጋገርም አንዳንዴ ይጠፋበታል። ስለዚህ አያ ይሻው ልማድ አወጡ፤ የተጻፈውን ለተናጋሪው አንብበው «እንዲህ ነው ያልኸው?» ሳይሉ መልስ አይሰጡም።

ይህን ይዘው የሽማግሎቹ አለቃ ወደሆኑት ወደ አብሮ አደጋቸው ወደ አያ ሙላቴ ሄዱ። አያ ሙላቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ፦ «ሰው እንዳይስቅብን እሰጋለሁ። እሁድ የእነ ባምላኩ ነገር አለ፤ ና ሞክር። ካልሆነ ግን አትቀየመኝ።» አያ ይሻው የድምፃቸውን ልክ አያውቁትምና ይህን ምስጢር ሰፈሩ እስኪሰማ አነበቡት። አያ ሙላቴ እያፈሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባምላኩና አማረች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አማረች ኩዌት ስትሠራ ባምላኩ የወላጆቻቸውን መሬት ብቻውን ሲያርስ ኖሯል። አሁን ተመልሳ ድርሻዬን ስትል፣ «የጦርኩ እኔ፣ የቀበርኩ እኔ» አለ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

እሁድ ደረሰ። ስልኩ ያለ ኔትወርክ አይጽፍም፤ ወይራው ሥር ደግሞ ኔትወርክ አይገባምና ሽማግሎቹ እያጉረመረሙ ዳገቱን ወጡ። መጀመሪያ አማረች ስልኩን ይዛ የልቧን ተናገረች። ባምላኩ ጣልቃ ሊገባ ሲል አያ ሙላቴ «ተራህን ጠብቅ፤ ከተንጫጫችሁ አይጽፍም» ብለው ያዙት። በዚያ አገር እንዲህ ጸጥ ያለ ሽምግልና ታይቶ አይታወቅም።

የባምላኩ ተራ ሲሆን የታመቀው ንዴት ገነፈለ። ተናግሮ ሲጨርስ አያ ይሻው ስልኩን ተቀበሉና ያለ ቁጣ፣ ረጋ ብለው አነበቡ፦

«እሷ ለእኔ እህት አይደለችም። እዚያው ዐረብ አገር ሞታ በቀረች ይሻለኝ ነበር።» ቀና አሉ። «እንዲህ ነው ያልኸው፣ ልጄ?»

የተቆጣ ሰው የሚናገረውን ራሱ አይሰማውም። ባምላኩ ግን አሁን ሰማው፤ ያውም በሌላ ሰው አፍ፣ እህቱ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ። አማረች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ያጥፉልኝ» አለ በቀስታ። ስላልሰሙት ስልኩን አቀበሉት፤ ደግሞ ተናገረበት፤ «ያጥፉልኝ አያ ይሻው» የሚል ተጻፈ።

«አንተ የተናገርኸውን እኔ አላጠፋም። ራስህ አጥፋው» ብለው ማጥፊያውን አሳዩት።

ባምላኩ እርፍ ባሻከረው አውራ ጣቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እስኪያልቁ አጠፋ። «መሬቱን እኩል እንካፈል» አለ በመጨረሻ። «ብቻ ቤቴ ግቢ። ልጆቼ አክስታቸውን አያውቁም።» አማረች እያለቀሰች ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ይህን ለማወቅ አያ ይሻው ስልክ አላስፈለጋቸውም።

የእርቅ ማሳረጊያው ምርቃት ነው። አያ ሙላቴ ሊመርቁ ተነሡና፣ ቆም ብለው፣ አያ ይሻውን ክንዳቸውን ይዘው አስነሧቸው። እሳቸውም ስልኩን እንደተከፈተ ድንጋይ ላይ አኖሩት፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ እንደ ድሯቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መረቁ። ከክፉ ይሰውራችሁ አሉ። የዘራችሁትን ያብቅልላችሁ አሉ። ፍቅራችሁን ያጽናላችሁ አሉ። ከታመሙ ወዲህ በገዛ ማዕዳቸው እንኳ ሲመርቁ ሰው ይመልስላቸው አይመልስላቸው አያውቁም ነበር፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ያስከፋቸው ነበር።

ሲጨርሱ ስልኩን አንሥተው አዩ። የራሳቸው ቃል ተጽፏል። ይህን ግን ጮክ ብለው አላነበቡትም። ከእያንዳንዱ ምርቃታቸው ኋላ «አሜን» የሚል ነበር።