የመምሬ ጥላና ያላነበብኩት ኮድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከንስሐ አባቴ እንኳ ደብቄያለሁ፤ የበደልኩት እሳቸውን ነዋ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ እርስዎ ይስሙኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሦስት ሆነን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ነበረችን። ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደወሉን በሰዓቱ የሚመታ ማሽን ሠራን። የማሽኑ ቺፕ ጊዜ የሚቆጥርበትን ኮድ የጻፈችው ባልደረባዬ ትሁን ናት፤ መርማሪው እኔ። «አንዱን መስመር ተጠራጥሬዋለሁ፣ አደራ እይልኝ» አለችኝ። ዕለቱ የሁዳዴ ቅበላ ነው። ቁርጥ እየጠበቀኝ ኮድ ላንብብ? «አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው» ብዬ ጻፍኩና ሄድኩ። አላየሁም። ፋይሉንም አልከፈትኩም።

መስመሩ ጊዜን በትክክል የሚለካውን ክሪስታል መምረጥ ሲገባው፣ ቺፑ ውስጥ ያለውን ግምታዊ ሰዓት መርጦ ኖሯል። ደወሉ በየቀኑ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየቀደመ ሄደ። ደወል ሲቀድም ቅዳሴ ይቀድማል፤ ቅዳሴ ሲቀድም ጿሚው ቀድሞ ይበላል። ሞባይል የያዘው ሁሉ ምን ነክቶት ዝም አለ ይሉኝ ይሆናል። ቀድሞ ለመብላት ማን ይከራከራል? እኔስ ተከራከርኩ?

የተከራከሩት መምሬ ጥሩነህ ብቻ ናቸው፤ የንስሐ አባቴ። ዕድሜ ልካቸውን ግቢው ውስጥ ቆመው፣ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ነው ሰዓት የሚያውቁት። «ልጄ፣ ጥላዬ ገና ነው ይላል» አሉኝ። እኔ፣ ያላነበብኩት እኔ፣ በሰው ፊት «መምሬ፣ ማሽን አይሳሳትም፤ ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል» አልኳቸው። «እንግዲያ አርጅቻለሁ» አሉና ጥላቸውን መለካት ተዉ።

ደብረ ዘይት ሲደርስ ደወሉ አንድ ሰዓት ያህል ቀደመ። ያኔ ፈርቼ ፋይሉን ከፈትኩ። ስህተቱ አንዲት ቃል ነበረች። «አቧራውን ላራግፍ» ብዬ ማሽኑን አወረድኩና አስተካከልኩት፤ ለትሁን እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። በማግስቱ ደወሉ ዘገየ ብሎ የራበው ሁሉ አጉረመረመ። መምሬ ግን ተደብቀው ጥላቸውን ለኩ፤ ከደወሉ ጋር ገጠመላቸው። አለቀሱ።

ለካ ዓይኔን መልስልኝ ብለው ተስለው ኖሯል። ለፋሲካ ስለታቸውን ሊያገቡ በግ አረዱ፤ እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው በእጃቸው አጎረሱኝ። ጎረስኩ። ሲደግሙኝም ጎረስኩ።

ይኸው በየዓመቱ ለንስሐ ስቀርብ «ሌላስ፣ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም» እላለሁ። እርስዎ ይቅር እንዲሉኝ አልለምንም፤ ይቅርታው የእሳቸው ነው። እዚህ የምጽፈው ፊት ለፊታቸው መናገር ያቃተኝን ነው። ዓይንዎ ደህና ነበር፣ መምሬ። ያላየሁት እኔ ነኝ።