አባቴ በጆሯቸው ያቃኑት ዲሽ

ሰቆጣ ላይ መብራት ከብዙ ወራት በኋላ ሲመለስ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ሮጬ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቴሌቪዥን ለእሳቸው የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ቅዳሴውን ይከተላሉ፤ ዜማ የሳተ ሲገጥማቸው «ኧረ ተው!» ብለው ይገሥጻሉ፣ የሚሰማቸው ይመስል። ያን ዕለት ወንበራቸውን አስጠግተው «ምነው ዝም አለ?» ሲሉኝ ጎረቤታችንን ልጠራ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ድሮ አምደወርቅ ውስጥ ዲሽ ይተክል ነበር። እግሩን ከታመመ ወዲህ ግን ጣሪያ አይወጣም። ስጠራው በምርኩዙ እያነከሰ መጣ፤ ሪሞቱን ተቀብሎኝ፣ እኔ ነካክቼ እንዳላበላሸው ስፈራው የኖርኩትን የሪሲቨሩን ማስተካከያ ገጽ ከፈተ።

«ሁለት መስመር ታያለሽ? የላይኛው የሲግናሉ ጥንካሬ ነው፤ ገመዱ ደህና መሆኑን ይነግርሻል። የታችኛው ጥራቱ ነው። ዲሹ ትክክለኛውን ሳተላይት ካላየ እሱ አይሞላም።»

የላይኛው ሞልቷል፤ የታችኛው ባዶ ነበር።

«ንፋስ አዙሮታል ማለት ነው። በዚያ ላይ ቻናሉ ፍሪኩዌንሲ ቀይሯል፤ መንገዱን ቀየረ እንደማለት ነው» አለና አዲሱን ቁጥር አስገባ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ለምርጫ የቀረቡት «H» እና «V» የሚሉ ሁለት ፊደላት ምን እንደሆኑ ጠየቅሁት።

«በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለት ስርጭት ሳይነካካ ይሄዳል፤ አንዱ ተኝቶ፣ አንዱ ቆሞ።»

አባቴ ጣልቃ ገቡ። «የኛስ የትኛው ነው?»

«የቆመው ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያስ! ቅዳሴ ተኝተው አይሰሙም!» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ሲስቁ ከሰማኋቸው ሰንብቼ ነበር።

ጎረቤታችን አንድ ነገር ተጫነ፤ ሪሲቨሩ ቀስ እያለ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ጥራቱ ሲጨምር ድምፁ ይፈጥናል አለን። እኔ በመሰላል ጣሪያው ላይ ወጣሁ። እሱ መስመሩን እያየ ሊነግረኝ ነበር፤ አባቴ ግን በመስኮቱ ብቅ ብለው ቀደሙት።

«ትንሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሪው! አሁንም ትንሽ... አለፍሽው፣ ተመለሺ!»

«መስመሩ እኮ ገና አልተነሳም፣ የኔታ» ሲል ሰማሁት።

«ተው፣ እየመጣ ነው» አሉት። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ፣ «ያዢው! ያዢው! እንዳትነቀንቂው!»

ትንፋሼን ውጬ ብሎኑን አጠበቅሁት። ጢጥታው ተያይዞ አንድ ረጅም ድምፅ ሆነ፤ ከዚያ ተቋረጠና የካህናቱ ዜማ በመስኮቱ ወጣ። ስወርድ አባቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመዋል። ጎረቤታችንም ምርኩዙን ተደግፎ አጠገባቸው ቆሟል።

ቅዳሴው ሲያልቅ አባቴ የሰውየውን እጅ ፈልገው ያዙና መረቁት። ደስ ሲላቸው እንደሚያደርጉት ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኽምጣኛ ነበር ምርቃቱ። እሱ «አሜን» እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። እኔም እጄ ላይ የጣሪያው ዝገት እንዳለ ጎንበስ ብዬ ምርቃቱን ተካፈልኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ እጃቸውን ይዤ የምመራቸው እኔ ነበርኩ፤ ያን ዕለት ግን እኔን መርተው አደረሱኝ። ስለዚያ ጠዋት እግዚአብሔር ይመስገን።