መምህር ይመርና ያልተጨረሰው ሽምግልናችን

የቆቦው የእንግሊዝኛ መምህር ይመር አራጋው ባለፈው ረቡዕ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ያስተማሯችሁ፣ ደብዳቤ ያነበቡላችሁ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው በገበያው መሃል ሲያልፉ ሰላም ያሏችሁ ሁሉ፣ መርዶውን የሰማችሁት ከእኔ ከሆነ ይቅር በሉኝ። እኔ ጌታቸው እባላለሁ፤ መጀመሪያ ተማሪያቸው ነበርሁ፣ ኋላም እዚያው ትምህርት ቤት ባልደረባቸው። ስለ እሳቸው መጻፍ የሚገባኝ ሰው እኔ ስለመሆኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ቤተሰቡ «አንተ ጻፍ» ሲለኝ እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ዞሮብኛል። እስከ ሐሙስ ድረስ ተቀይመውኝ የሞቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ደግሞ ምን እንደሚመስለኝ እኔም አላውቅ።

እስቲ ከሥራቸው ልጀምር። እንግሊዞች ሊሆን ስለሚችለውና የግድ መሆን ስላለበት ነገር ሲናገሩ ከግሱ ፊት አንዲት ትንሽ ቃል ያስቀምጣሉ፤ ማይት፣ ሜይ፣ ሹድ፣ መስት እያሉ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ሁለት ገጽ ነው። ጋሼ ይመር ግን አንድ ወር ይፈጅባቸው ነበር። ሰሌዳው ላይ መሰላል ይሥላሉ፤ ማይት ከታች፣ መስት ከላይ። ዓረፍተ ነገር ይዞ መሰላሉን ሊወጣ የፈለገ ተማሪ «ምን አይተህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ምስክር ካላመጣ ወደ ታች ይወርዳል።

አንድ ጊዜ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ፊት ወንበር የምትቀመጠው ከድጃ በመስኮት ወደ ደጋው እያየች ዝናቡ የግድ ይመጣል ብላ በመስት ተናገረች።

«ምን አይተሽ ነው?»

«ደመናውን ነዋ፣ ጋሼ!»

«ደመናውንማ የቆቦ ገበሬም አይቶታል። ስንቴ አይቶት ማሽላው ቆሞ ደረቀ! ማይት በይ ልጄ። በራያ ሰማይ ላይ መስት አይባልም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር። ያችው መስት ትእዛዝም ግምትም መሆኗ ሲያደናግረን ደግሞ «ምን ያስደነግጣችኋል? እናንተስ 'መሄድ አለበት' ብላችሁ ታዝዙ የለም? 'አሁን ቤቱ መሆን አለበት' ብላችሁስ ትገምቱ የለም? እንግሊዙም እንደናንተው ነው። ብቻ ስታዝዙ ሥልጣን፣ ስትገምቱ ማስረጃ ይኑራችሁ» ይሉን ነበር። ተማሪ በር ላይ ቆሞ በሜይ ፈንታ በካን ፈቃድ ሲጠይቅ የሚያርሙ መምህራን አሉ። እሳቸው ግን «ፈረንጁም እንዲሁ ነው የሚለው፣ ግባ» ብለው ያስገቡ ነበር።

ትምህርታቸው ከክፍል ውጭም ነበር። የመድኃኒት ወረቀት፣ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ ያልገባው ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው። አንዲት የዋጃ እናት ልጃቸው ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ የተዋዋለችበትን ወረቀት ይዘው ከልጅቱ ጋር መጡ። እኔም ነበርሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ልጅቱን ወደ አጠገባቸው ጠርተው፣ «እኔ ሂጂም አትሂጂም ልልሽ አልችልም፤ ወረቀቱ የሚለውን ግን ስሚ። አንቺ የምትሠሪው ሁሉ ግዴታ ተብሎ ነው የተጻፈው። እነሱ የሚያደርጉልሽ ሁሉ ግን ቢፈልጉ ነው። የዕረፍት ቀንሽም ቢፈልጉ ነው» አሏት። በማግስቱም ሥራቸውን አስፈቅደው ከእናትየው ጋር ደላላው ዘንድ ሄዱ። የዕረፍቷ ነገር ግዴታ ተብሎ እስኪጻፍ ከወንበሩ አልነሣም ብለው ዋሉ። ተጻፈላት። ልጅቱም ሄደች።

እንግዲህ እኒህን ሰው ነው እኔ የበደልኋቸው። ዲግሪዬን ይዤ ተመልሼ በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት፣ መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት ብድግ ብዬ፣ «ጋሼ ይመር አንድ ወር ሙሉ ደመና ያሳያሉ፤ ፈተና ላይ የሚመጣው ግን አራት ምርጫ ነው። በእሳቸው ምክንያት መጽሐፉ ሳይገባደድ ዓመቱ ያልቃል» አልሁ። አይ ምላስ! ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው በሰው ፊት! ከሳምንት በኋላ ገበያ ውስጥ አግኝቻቸው ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ጃንጥላቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ፊታቸውን ከልለው አለፉ። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ፤ ሽኝታቸው ላይም አልተገኙም።

አንድ ዓመት ሙሉ ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። የምኖረው ሮቢት ተከራይቼ ነው፤ በመጨረሻ የሮቢቱን አባ ተገኘንና ሁለት ሽማግሌዎችን ለመንሁ። አባ ተገኘ፣ «አስቀድሞ እንዳይነገራቸው፣ በር ዘግተው እንዳይጠፉብን። እሑድ ቤታቸው መሆን አለባቸው» አሉ። ሆሳዕና ነበር። ከቅዳሴ መልስ በሚኒባስ ቆቦ ገባን፤ ድንጋይ ተሸክሜ በራቸው ድረስ ሄድሁ። በሩ ተቆልፏል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ዋጃ ልጃቸውን ሊያርሱ እንደሄዱ አውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን የት ሄዱ? ሰዓት ተኩል ቆምን። አባ ተገኘ በመጨረሻ፣ «ሰምተው ሸሽተውን መሆን አለበት» አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩኝ ሰው ደጅ ቆሜ፣ ምን አይተው ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ድንጋዩን መንገድ ዳር ጣልሁትና ጎረቤት ሳያየን ተመለስን።

ረቡዕ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆምሁ። ሐሙስ ድንኳኑ ውስጥ ከአባ ተገኘ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ የሠፈሩ ትልቅ ሰው ሸህ እብሬ መጥተው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ጌታቸው ማለት አንተ ነህ? ያ ቤቱን ቆልፎ የጠፋብን?»

«የቱን ቤት፣ አባቴ?»

«የሮቢቱን ነዋ! ዘንባባ በምታስሩበት እሑድ። ይመር 'ልጁን በሰው ፊት ሰላምታ ነስቼዋለሁ፤ ታላቁ እኔ ነኝ፣ ቀድሜ መሄድ ያለብኝም እኔ ነኝ' ብሎ ይዞን መጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ መሆን አለበት ብለን ነው። በሩ ክርችም! 'ቢሰማ ነው የሸሸን' ብለን አንገታችንን ደፍተን ተመለስን።»

አባ ተገኘ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እኛም እኮ ያን ዕለት እዚህ በር ላይ ነበርን» አሉ።

መንገዱ አንድ ነው፤ ሚኒባሶቻችን የሆነ ቦታ ተላልፈዋል። እኔ ልሣቅ ልጩህ አላወቅሁም። ሸህ እብሬ ግን ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ያን ዕለት አብረዋቸው የነበሩት ሁለቱም ተነሡ። «አማና ተቀብለን ሳናደርስ ቀርተናል፤ አሁን እናድርስ» ብለው ፊቴ ቆሙ።

«ይመር ልኮናል። ሰላምታ ነስቼሃለሁና ስለ ፈጣሪህ ብለህ ይቅር በለኝ ይልሃል።»

«ኧረ በስማም! ጥፋተኛው እኔ ነኝ እኮ!»

«እሱን አልጠየቅንህም። የተላክንበትን መልስልን።»

እትዬ ዘይነብ ከወዲያ ያዩኛል። ከስንት ትንቅንቅ በኋላ «ይቅር ብያለሁ» አልሁ። መረቁኝ፤ ተቀመጡ። ከዚያ አባ ተገኘ፣ «የእኛንስ መልእክት ለማን እናድርስ?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ዘይነብ ወደ ሸህ እብሬ ዞረው፣ «እኔ ስለ እሱ ልቀበል እችላለሁ ወይ?» አሉ። ሸህ እብሬ፣ «አላህ ያውቃል» አሉ። የእኛም መልእክት ሳይደርስ ቀረ።

ጋሼ ይመር፣ አላህ ይዘንልዎት፤ አፈሩም ይቅለልዎት። ከሐሙስ ወዲህ ሰው ሁሉ «እንኳን ታረቃችሁ» ይለኛል፤ ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ገብቶኛል። መታረቅ እንዲህ ነው? ቢያንስ እንዳልጠሉኝ አወቅሁ፤ ያ ግን ልቤን አላሳረፈውም፣ ጭራሽ አከበደው። ልጅዎን ብለው እስከ ደጄ መምጣትዎን ባውቅ ኖሮ በነጋታው እግርዎ ሥር እገኝ ነበር። አሁን በዳዩ እኔ ይቅርታ ተጠይቄ ቀረሁ፤ ተበዳዩ እርስዎ ሳይጠየቁ ሄዱ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።