የሐጂ ሙክታር ወረቀት መቁረጫ

ባለፈው ሳምንት ሸዋ በር አንድ ማተሚያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ወረቀት መቁረጫው ላይ «ማግኔት ማስጠጋት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አነበብኩትና ተናደድኩ። እንዲህ የሚለጥፍ ሰው ያኔ የት ነበር?

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነው። ፈረስ መጋላ አጠገብ ቁርኣን የሚጠርዙት ሐጂ ሙክታር ዘንድ ተቀጠርኩ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቢላ አልታዘዝ ቢላቸው ነው ያን ማሽን ያስመጡት። ወረቀቱን የሚገፋው ብረት በሚሄድበት መስመር ጥቁር ጥብጣብ ተለጥፏል፤ ዓይን የማያየው የማግኔት ምልክት አለበት። ምልክቱን የምታነብ ትንሽ መሣሪያ በላዩ እያለፈች ብረቱ የቱ ጋ እንደቆመ በሚሊሜትር ትናገራለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንኳ ቦታዋን አትስትም፤ የኛ መብራት ደግሞ መሄድ ይወዳል። ሐጂ «እጄ ቢከዳኝ አላህ ሌላ እጅ ሰጠኝ» ይሉ ነበር።

አንድ የክረምት ቀን ትኩስ ሳምቡሳ ገዝቼ ስመለስ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጀማል ማሽኑ ላይ አጎንብሷል። ሐጂ የሚጠርዙበት መርፌ ከእጃቸው አምልጦ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። የማሽኑ ስለት መርፌ ካገኘው አለቀለት። ልብስ ሰፊዎች የወደቀ መርፌ የሚለቅሙት ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ነው፤ ጀማልም የራሱን ይዞ ሮጦ መጥቶ ማሽኑን ከዳር እስከ ዳር አሰሰው። መርፌዋን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። ሳምቡሳውን ለሦስት ተካፈልን።

ከምሳ በኋላ ማሽኑን ስከፍተው የሚሊሜትሩ ቁጥር ዘባረቀ፣ ብረቱም አልንቀሳቀስ አለ። አዲስ አበባ ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«ማግኔት አስጠግታችሁበታል? ምልክቱ ተደምስሷል። ጥብጣቡ ካልተቀየረ አይሠራም፤ የዚያ ዓይነት ደግሞ መመረቱ ቀርቷል።»

የተማርኩት ሁሉ እዚያ ላይ አለቀ።

«ለጀማል ልንገረው?» አልኳቸው ሐጂን።

«እንዳትነግሪው ልጄ። ከሰማ ዳግመኛ የማንንም መርፌ አያነሳም።»

ሐጂ ቢላቸውን መልሰው ሞከሩት። ጠርዙ ተወላገደ። እንደገና ሞከሩ፣ ባሰ። «የአላህን ቃል አጣምሜ ለሰው አልሰጥም» አሉና ዕቃቸውን ሰብስበው ቤታቸው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ሥራ እንዲሁ ተዉት። ጀማል ከዚያ በኋላም እኔን ባገኘ ቁጥር «ማሽኑ ዳነ?» ይለኝ ነበር።

ሐጂ ካረፉ ቆዩ። ጀማል ሸብቷል፤ የሳቸው ነገር በተነሳ ቁጥር ፊቱ ይበራል። «እኔ እንኳ አንድ ቀን ጠቅሜያቸዋለሁ፤ ያቺን መርፌ አውጥቼላቸዋለሁ» ይላል። ክፉ ሰው ቢሆን ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር። ደግ ሰውን ምን ይሉታል?

«አዎ ጀማል፣ ጠቅመሃቸዋል» እለዋለሁ።