ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ፉጨት

ውሻዋን ባወቅኳት በመጀመሪያው ቀን አንድ እግር ጫማዬን በአፏ ይዛ በኩሽናው በር ወጥታ ሄደች። ጫማው እስከ ዛሬ አልተገኘም። እኔ የመጣሁት ሽማግሌ ላስታምም እንጂ ውሻ ላሳድድ አልነበረም። የሆም ኬር ሥራ ስንቀበል ስለ ታማሚው መድኃኒትና ምግብ ይነግሩናል፤ ሳሎን ውስጥ ሚዳቋ የምታህል ቡችላ እንዳለች የሚነግረን የለም።

ሽማግሌው ፒከሪንግተን ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ፣ አዳዲሶቹ ቤቶች አልቀው እርሻው በሚጀምርበት ቦታ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች፤ ሴት ልጃቸው ሌላ ስቴት ናት። ሳንባቸው ስለደከመ የኦክስጅን ቱቦ ከአፍንጫቸው አይለይም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በውሻ ጥንቸል ሲያድኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ውሻዋም ላርቸር ከሚሉት ወገን ናት፤ ግሬይሀውንድ የሚባለውን የሩጫ ውሻ ከእረኛ ውሻ ጋር አዳቅለው የሚያወጡት። እግሯ ረጅም፣ ወገቧ ቀጭን፣ ጸጉሯ እንደ አሮጌ መጥረጊያ የተንጨባረረ፣ ገና ሮጣ ያልጠገበች።

ቤቱ ከመንገዱ ወዲህ፣ የሚያድኑበት ሜዳ ከመንገዱ ወዲያ ነው። ከእሷ በፊት የነበረችውን ውሻቸውን የገደላት ያ መንገድ ነው፤ ጥንቸል ስታባርር መኪና አገኛት። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

«መሮጥን ማንም አያስተምራትም፤ አብሯት ተወልዷል» አሉኝ። «የምትማረው መመለስን ነው። የማትመለስ ውሻ የሞተች ውሻ ናት።»

ሽማግሌው መሮጥ ቀርቶ እስከ መታጠቢያ ቤት መሄድም ያቅታቸዋል። ስለዚህ እግራቸው እኔ ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ በፒክአፓቸው መንገዱን አሻግራቸዋለሁ፤ አጥሩ አጠገብ ታጣፊ ወንበራቸውን እዘረጋለሁ፤ ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክላለሁ። ከዚያ ገለባ የተጠቀጠቀበትን የጥንቸል ቆዳ በገመድ አስሬ እየጎተትኩ ሜዳውን እሮጣለሁ። ሃምሳን ያለፍኩ ሴት፣ በቸርች የጸሎት ቡድን መሪ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ፣ ጥንቸል ሆኜ! ሽማግሌው ሲስቁ ሳል ያጣድፋቸዋል፤ ሳሉ ሲያጣድፋቸው ቆዳውን ጥዬ ወደ እሳቸው እሮጣለሁ፤ ውሻዋም ጨዋታው የቀጠለ መስሏት ቀሚሴን ይዛ ትከተለኛለች።

ቆዳውንም ቢሆን ያለ ጓንት አልነካውም ነበር። ጥንቸል ባደግኩበት ቤት አይበላም፤ ውሻ የያዘውማ ጭራሽ። ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ የሚያረክስ ምግብ የለም ብዬ ስንት ሰው አስተምሬያለሁ። እጄ ግን ትምህርቱን አልሰማም። ሽማግሌው የሚያድኑትን ራሳቸው ይገፍፉታል፤ እኔ ድስቱን ብቻ እጥዳለሁ፤ ሲበሉ ደግሞ ሌላ ክፍል ልብስ አጥፋለሁ።

ስለ ውሻ ያስተማሩኝ ብዙ አልነበረም፤ ያንኑ ግን ደጋግመው ነው ያስተማሩኝ። ስትመለስ አትቆጪያት፤ ዘግይታ ብትመጣም እንኳ። ያመጣችውን አትንጠቂያት፤ ይዛው ትኩራበት፤ ጆሮዋን ዳብሺላት፤ ራሷ ትሰጥሻለች። ደክሟት ሳይሆን ገና መሮጥ ስትፈልግ ጨዋታውን አቁሚ።

«ልጆቼን እንዲህ ባሳድጋቸው ኖሮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔም» አሉ።

ውሻዋ ያመጣችውን የምታስረክበው ግን ለእሳቸው ብቻ ነበር። እኔ አጠገቧ እጄን ዘርግቼ ብቆም ዞር ብላ አታየኝም። አልፋኝ ወንበሩ ጋ ትደርሳለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ የያዘችውን መዳፋቸው ላይ ታኖራለች።

ከሩጫዋ የሚመልሳት ፉጨታቸው ነው። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፤ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣ አጭር። ያ የደከመ ሳንባ ያንን ድምፅ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ። ውሻዋ የሜዳው ጫፍ ላይ ብትሆንም አየር ላይ ታጥፋ ትመለሳለች። ፉጨቱ ካለቀ በኋላ እሳቸው ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሳሉ።

«አንቺም ልመጂ» ይሉኛል። «ምላስሽን በጣትሽ ወደ ኋላ እጠፊው፤ ከዚያ ንፊ።»

አሻፈረኝ አልኩ። እናቴ ስናፏጭ ከሰማች ከንፈራችንን በጣቷ ቆንጠር ታደርገው ነበር። «ሴት ልጅ አታፏጭም፤ የማታውቂውን ትጠሪያለሽ» ትላለች። ሰይጣን ማለቷ ነው፤ ስሙን ላለማንሳት ነው። ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«እውነቷን ይሆናል» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ስጠራ የኖርኩት ውሻ ብቻ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም።»

በፉጨቱ ፈንታ በአማርኛ «ነይ!» ማለትን አስተማርኳት። ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ እሺ ትለኛለች። ከፊቷ ጥንቸል ከተነሳ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ሽማግሌው ብርዱ ሲገባ በእንቅልፋቸው አረፉ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሾርባ እያጎረስኳቸው፣ ማንኪያውን በእጃቸው ገፋ አደረጉና «መልሰሽ ልትጠሪያት ካልቻልሽ ሜዳው ላይ እንዳትለቂያት» አሉኝ።

«ታስራ ብትኖርስ?»

«ታስራ አትኖርም» አሉ።

ልጃቸው ለቀብሩ መጥታ፣ ቤቱ እስኪሸጥ እዚያው እንድቆይ ለመነችኝ። ውሻዋን ከፈለግሽ ያንቺ ናት፣ ካልፈለግሽ ባለቤት አልባ ውሾች የሚሰበሰቡበት ሼልተር ትገባለች አለችኝ። የእኔዋ ልጅ ከዌስተርቪል ደውላ ይህን ስትሰማ «ማሚ፣ ውሻ? አንቺ? አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና አልነበርኩም።

ሽማግሌው እንዳሉትም ሆነ። በገመድ ይዣት መንገድ ዳር ሳንሸራሽራት አፍንጫዋን ማዶ ሜዳው ላይ ተክላ ትቀራለች። ምግቧን ተወች፤ የጎኗ አጥንት ይቆጠር ጀመር። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ካስገባሁት ታጣፊ ወንበራቸው ሥር ትተኛለች። ፊሽካ ገዝቼ ነፋሁላት፤ አንድ ጊዜ አየችኝና ተመልሳ ተኛች። ፍርዱ የኔ ሆነ፤ ካሰርኳት ዓይኔ እያየ ታልቃለች፣ ከለቀቅኳት መንገዱ ይወስዳታል።

አንድ ጠዋት የአልጋቸውን አንሶላ እያነሳሁ ሳለ ፉጨቱን ሰማሁ። አንድ ረጅም፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣ አጭር። ክው አልኩ፤ አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ጆሮዬ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ነበር፤ ነገር ግን ውሻዋ ከወንበሩ ሥር ተፈናጥራ ወጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ጅራቷን ትወዘውዛለች።

የጸሎት ጓደኛዬን ኮል አደረግኳት። ከዎርዝንግተን ድረስ ነድታ መጣች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ በድፍረት ግን የምታክላት የለችም ይባልላታል።

«እትዬ፣ ይሄ የቤቱ መንፈስ ነው። ውሻዋን ቤዝመንት አስገቢልኝና እንጸልይ» አለች።

ሳሎኑ መሃል ቆመን ጸለይን። መስኮቱ እስኪነቃነቅ ገሠጸችው፤ በኢየሱስ ስም አሰረችው፤ ከግቢው ውጣ አለችው። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። እፎይ ብለን አሜን ስንል፣ ከአሜኑ ጋር እኩል ፉጨቱ ከውጭ መለሰልን። ጓደኛዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገባች። በሩን ሎክ አድርጋ፣ መስኮቱን ጣት በሚያስገባ ያህል ዝቅ አደረገችና «እትዬ፣ በፎን እንጸልያለን» አለችኝ።

እሷን ስሸኝ ነው ያየኋት። ከቤቱ ጎን ባለው አሮጌ ጎተራ ጣሪያ ጫፍ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ያለባት ጥቁር ወፍ ተቀምጣ፣ ጉሮሮዋን ነፍታ፣ የሽማግሌውን ፉጨት ሳትስት አወጣችው። ልጄን ብጠይቃት ስልኳ ላይ ፈልጋ «ኢትስ ጀስት ኤ በርድ፣ ማሚ። የሰሙትን ይቀዳሉ» አለችኝ። ሽማግሌው ለዓመታት በረንዳው ላይ ቆመው ውሾቻቸውን ሲጠሩ ሰምታ መሆን አለበት።

ወፍ መሆኗን ማወቄ አላጽናናኝም። ሰይጣን ቢሆን እገሥጸው ነበር፤ ይሄ ግን የእሳቸው ድምፅ ነው፤ ያውም እኔ ሳላውቃቸው በፊት፣ ሳንባቸው ሙሉ ሳለ የነበረው። ናፈቁኝ። ፈራኋቸውም። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ወፏ ባፏጨች ቁጥር ውሻዋ በሩን ትቧጭራለች፤ ስከፍትላት ጎተራውን ትዞራለች፣ የፒክአፑን በር ታሸታለች፣ በረንዳውን ታያለች፣ ከዚያ አጥታቸው ትመለሳለች። እኔ አንድ ጊዜ ቀበርኳቸው፤ እሷ በየቀኑ ትቀብራቸዋለች።

ያኔ ፉጨት መለማመድ ጀመርኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ እነፋለሁ። የሚወጣው ነፋስና ምራቅ ነው። መስታወቱ ውስጥ የማያት ሴት ታሳፍረኛለች። ጌታ ካዳነኝ ወዲህ ስንቱን አጉል እምነት ጥያለሁ፤ ከንፈሬ ግን ገና አልዳነም። አልፎ አልፎ ቀጭን ድምፅ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። በወጣች ቁጥር ደንግጬ ወደ ኋላዬ አያለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ውሻዋ ውኃም እንቢ አለችኝ። ከወንበሩ ሥር ሆና፣ ዓይኗን ብቻ አንስታ ስታየኝ፣ እዚያው ተኝታ ልትሞት እንደሆነ ገባኝ። አንገቷን ይዤ አነሳኋት፤ መንገዱን አሻገርኳት፤ አጥሩ ጋ ስደርስ ገመዱን ፈታሁት።

መጀመሪያ አላመነችም። ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ሄደች። ያን ያህል ቀን ያልበላ እግር እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከደረቀው ቁጥቋጦ ሥር ጥንቸል ተነሳ፤ ታጠፈ፤ አብራው ታጠፈች፤ እንደገና ታጠፈ። ደስ አለኝ፤ እንባዬ መጣ፤ ሽማግሌው አይተው ቢሆን አልኩ። መንገዱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ያዘችው። ጥንቸሉን በአፏ አንጠልጥላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የምታስረክበውን ሰው በዓይኗ ፈለገች።

ይሄኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎተራው ጣሪያ፣ ፉጨቱ መጣ።

ጆሮዋ ቆመ። ጥንቸሉን አስተካክላ ነክሳ ወደ መንገዱ መሮጥ ጀመረች። እየጠሯት ነው፤ ይዛላቸው መሄዷ ነው። ሁለታችን ያስተማርናት ይህንኑ ነው። ከጉብታው በኩል አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ይወርዳል።

«ነይ!» አልኩ። «ነይ! ነይ!» ድምፄ ሜዳው መሃል ሳይደርስ ጠፋ። ጓንቴን በጥርሴ ስቤ ጣልኩት፤ ጣቶቼን ከተትኩ፤ ምላሴን አጠፍኩ፤ ነፋሁ። የወጣው ድምፅ የእሳቸውን አይመስልም፤ ሻካራ ነው፣ መሃሉ ላይ ይሰበራል። ቢሆንም አንድ ረጅምና አንድ አጭር ነበር።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመች። ጎተራውን አየች፤ እኔን አየች። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ በፊቷ አለፈ፤ ንፋሱ የጀርባዋን ጸጉር አስተኛው። ደግሜ አፏጨሁ፤ ዞራ ወደ እኔ መጣች።

እጄን ዘረጋሁላት፤ አልፋኝ ሄደች። አጥሩ ጋ፣ ወንበራቸው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች። የወንበሩ እግሮች የበሱት መሬት በረዶ ይዞ ነበር። አንገቷን ቀና አድርጋ ጥንቸሉን ማንም ወደሌለበት ዘረጋች፤ የተቀመጠ ሰው እጅ በሚደርስበት ከፍታ። ጠራኋት፤ አልተነቃነቀችም። ትጠብቃለች።

ስለዚህ ሄጄ እዚያ ቦታ ላይ፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልነጠቅኳትም። ጆሮዋን ዳበስኩላት፤ ትንፋሿ እስኪረጋ ቆየሁ። ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየችው። ከዚያ ጥንቸሉን ባዶ እጄ ላይ አኖረችው፤ ገና ትኩስ ነበር፣ እኔ ከጠበቅኩትም በላይ ከባድ። እጄን አልሰበሰብኩም።

ከማዶ ፉጨቱ እንደገና መጣ። ሁለታችንም ዞረን አየን። ማናችንም አልተነሳንም።