ከምሰሶው ጀርባ

የልጄን ላፕቶፕ በወር አንድ ቀን ቻርጅ አደርገዋለሁ። ኮምፒውተር ጠጋኙ «ዝም ብሎ ከተቀመጠ ባትሪው ይሞታል» ብሎኝ ነው። ስከፍተው ማራገቢያው ይነሳና የሞቀ አቧራ ይሸታል። ያ ሽታ ሲመጣ ከቀኑ አስር ሰዓት ይሆናል፤ ቀጨኔ ላይ ዝናቡ ያባራል፤ ልጄም ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማዶ «ገባን፣ ተዘጋጂ!» ትለኛለች።

የወለድኳት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም። የልብ ሕመምተኛ ነበረች። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት የሰፈራችንን ዳገት መውጣት አቃታት። ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እሷ አልጋ ላይ ቀረች። የቀራት ከእነሱ ጋር በኢንተርኔት የምትጫወተው ጨዋታ ብቻ ነበር። አራት ሆነው ዋሻ ውስጥ ይገባሉ። ልጄ ፈዋሽ ናት፤ የቆሰለውን ታድናለች። አንድ ቀልደኛ ልጅና አንዲት ሳቂታ ልጅ ይዋጋሉ። አራተኛው ጋሻ ይዞ ከፊት ይቆምና ጠላት ሁሉ እሱን ብቻ እንዲመታ ያደርጋል። ያ አራተኛው ትምህርት በዛበትና ተወ። ጋሻ የሚይዝ ከሌለ ዋሻ አይገባም፤ ሁለቱም እያደር መቅረታቸው ነው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

«እኔ ልያዘው?» አልኳት።

ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

ሳሎን ባለው አሮጌ ኮምፒውተር አስተማረችኝ። በወጣትነቴ ታይፕ ስለተማርኩ ጣቶቼ አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ሰይፍ የያዙት ጠላቶች ራሳቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ቀስተኞቹና አስማተኞቹ ግን ሩቅ ቆመው ይወረውራሉ። እኔ ደግሞ ወደ እነሱ እሄዳለሁ። አንዱን ስጠጋ ሌላው ልጄን ይመታታል።

«እማዬ፣ እንግዳ መሰሉሽ እንዴ? በር ድረስ ወጥተሽ አትቀበያቸው!»

«ታዲያ እዚያ ቆመው ዝም ልበላቸው?»

«አንዴ መተሽ ተደበቂ። ከምሰሶው ጀርባ። ካላዩሽ መወርወር አይችሉም፤ ፍለጋ ይመጣሉ።»

መደበቁ ነውር መስሎኝ ነበር። ኋላ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንዶቹ ከዳገቱ ላይ ሆነው በወንጭፍ ጠጠር ይለቁብን ነበር። እኔ መንገዱ ከሚታጠፍበት የድንጋይ አጥር ጥግ እለጠፋለሁ። «ጠፋች» ብለው ሲወርዱ ጆሯቸውን መያዝ ነው። ያ አጥር አሁን የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። ይህን ስነግራት ልጄ አፏን ይዛ «አንቺ?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ እየመላለሰች አየችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ገባኝ። እመታለሁ፣ ጥግ እይዛለሁ፣ ቀስተኞቹ ተግተልትለው ይመጣሉ። አስማተኛው ድግምቱን ሲጀምር በጋሻዬ ገፍቼ አቋርጠዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ግን ሳየው ነበር የማማትበው። በዚያ መሐል ድግምቱ ያልቃል።

«መጀመሪያ በጋሻ በይው፣ ኋላ ታማትቢያለሽ!» ትለኝ ነበር።

እናቷ መሆኔን ለጓደኞቿ አልነገረችም። «ካወቁ 'እርስዎ' ማለት ይጀምራሉ» አለችኝ። «ቀልድ የለ፣ ስድብ የለ። በቃ፣ ጨዋታው ያልቃል።» «ዊንጌት የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው፣ ማይክሮፎን የለውም» አለቻቸው። እነሱም ስሜን ዊንጌት አሉት። እኔ በጆሮ ማዳመጫው እሰማለሁ እንጂ አልናገርም።

«ዊንጌት፣ እንዲህ ዝም እያልክ ሚስት ከየት ልታገኝ ነው?» ይላል ቀልደኛው።

«ተወው፤ እሱ እንኳን ሥራውን ያውቃል» ትላለች ልጄ። ከግድግዳው ማዶ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ይሰማኛል።

የኦፕሬሽን ተራ እየጠበቀች ቢሆንም እኔና እሷ ስለ ሕመሟ ብዙ አናወራም ነበር። መድኃኒቱን እሰጣታለሁ፤ ትውጣለች። አንድ ቀን ሳቂታዋ ልጅ በጨዋታው መሐል «ኦፕሬሽኑን አትፈሪም?» ብላ ጠየቀቻት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ልጄ «ዊንጌት ከፊቴ እስካለ ምን ያስፈራኛል» አለች። እየሰማሁ መሆኔን ታውቃለች። እራት ሳቀርብላት መድኃኒቷን አቀበልኳት፤ ዋጠች።

የኦፕሬሽኑ ተራ ሳይደርሳት ክረምቱ ወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዋሻው መጨረሻ ላይ አምስት ቀስተኞችና ሁለት አስማተኞች ገጠሙን። መታሁ፤ ምሰሶዬን ያዝኩ። እየመጡልኝ ሳለ ደሜ መጉደል ጀመረ፤ የሚሞላልኝ ግን አልነበረም። ዞር ብዬ ሳይ የልጄ ፈዋሽ ቀጥ ብላ ቆማለች። በስሟ ጠራኋት። ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው የላፕቶፑ ማራገቢያ ብቻ ነበር።

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ከኋላዬ ቀጫጭን ድምፆች ይጮኹ ነበር። «ዊንጌት! ተደበቅ! የት ሄድክ? ዊንጌት፣ እየጨረሷት ነው!»

በማግስቱ ቀበርናት።

ሁለቱ ልጆች ለቅሶ መጡ። ያወቅኳቸው በድምፃቸው ነው። ቀልደኛው ረጅም ነው፤ እኔ አጭር መስሎኝ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ቆይቶ ቀልደኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ዊንጌት የሚኖረው የአጎቷ ልጅ የትኛው ነው?»

«የለም» አልኩት።

«ያን ቀን ሰደብነው። ጥሏት የሸሸ መስሎን ነው እኮ። ይቅርታ ልንጠይቀው ነበር።»

ሳቂታዋ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እሱ እያለ አንድም ቀን አላስነካትም» አለች።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ ይሆናል። ግን ያን ሁሉ ቀልድና ስድብ በማን ፊት እንዳወሩት ቢያውቁ ያፍሩበታል። ከእሷ ጋር የሳቁትን ሁሉ ያፍሩበታል። ያን ልወስድባቸው አልፈለግሁም።

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

ባትሪው ሲሞላ ትንሿ መብራት አረንጓዴ ትሆናለች። ገመዱን ነቅዬ ክዳኑን እዘጋዋለሁ።

ለዊንጌት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።