እሺ ለማለት የቸኮለው ዕጩ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የሞተ ሰው የለበትም፤ የተደባደበም የለበትም። ዘጠና አምስት አባላት ያሉት የአንድ እድር ምርጫ ነው፤ ወሬውም ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ርቆ የሄደ አይመስለኝም። እናቴ ስጽፍ አይታ «ለዚህ ነው ወረቀት የምታባክኚው?» ብላኛለች። ሆኖም ምክሩን የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥም የእኔ ፋንታ ነው።

አባቴ ጣቢያው ውስጥ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ሐዲድ የሚያቀያይር ሠራተኛ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ የመጀመሪያውን መንፈቅ ፈተና ጨርሼ ለዕረፍት ቤት በመጣሁ በማግስቱ፣ ሰኞ ቀን፣ ደብዳቤ ይዞ ገባ። ከአዋሽ ማዶ ወዳለ አንድ የቆላ ጣቢያ ተዛውሯል። ወላጆቼ እኔ ሳልወለድ በዚያ አገር ሁለት ዓመት ኖረዋል። እናቴን ወባ ይዟት ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ ሐኪሙም ዳግመኛ ቆላ እንዳትወርድ አስጠንቅቋታል። ስለዚህ አባቴ የሚሄደው ብቻውን ነው። ጡረታ ሊወጣ አራት ዓመት ቀርቶታል።

እናቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና «የእድሩን ፕሬዚዳንት እኮ አያዛውሩም» አለች።

ሌላው እድር መሪውን ዳኛ ይለዋል። የባቡር ሠራተኞቹ እድር ግን ደንቡን በታይፕ ያስጻፈ ስለሆነ ፕሬዚዳንት ነው የሚለው። በጽሑፍ የሰፈረ ሕግ ባይኖርም፣ የጣቢያው አለቃ አንድም ፕሬዚዳንት አዛውሮ አያውቅም። ለቀብር ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ድንኳን ለማመላለስ ጋሪ የሚያስፈቅደው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ለአለቃውም የሚያውቀው ሰው ይሻለዋል። ምርጫው ደግሞ የፊታችን እሑድ ነበር።

ችግሩ ሁለት ሰዎች ወራት አስቀድመው መታሰባቸው ነው። አንደኛው የጥገናው ፎርማን ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ ከአለቆች ጋር መከራከር የማይፈራ። ሁለተኛው የመጋዘኑ ጸሐፊ ነው፤ ጽሕፈቱ ያማረ፣ የሁሉንም ሰው ልጆች በስም የሚያውቅ። ለአባቴ የቀሩት ስድስት ቀናት ብቻ ነበሩ።

«አንቺ የተማርሽው ለዚህ አይደል?» አለኝ አባቴ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

በዚያ መንፈቅ ስለ ምርጫ የሚያወሳ አንድ ትምህርት ወስጄ ጥሩ ውጤት አምጥቼ ነበር። አዲስ ደብተር አውጥቼ የአባላቱን ስም አባቴ እየነገረኝ ጻፍኩ። ለፎርማኑ እንደሚሰጡ የተረጋገጡት ሠላሳ አምስት ሆኑ፤ ለጸሐፊው ሠላሳ አራት። ሃያ ስድስት ሰዎች ቀሩ። አብዛኞቹ ባሎቻቸው ሞተው በባሎቻቸው ቦታ የሚያዋጡ ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ወገኖች ቤታቸው አልሄዱም። ስልቴ ቀላል ነው፦ እነዚህን ሃያ ስድስቱን መያዝ፣ ከዚያ ከየወገኑ አምስት አምስት ሰው መሳብ። ለዚህም አባቴ ማንንም መንካት የለበትም፤ ሁለቱ ሲፎካከሩ እሱ መሐል ላይ የሚቀመጥ ሰው መሆን አለበት። ስለ ዝውውሩም ለማንም እንዳይናገር ነገርኩት። ለግሉ ጥቅም ገባ ይሉታል ብዬ ነው።

ለራስ ድምፅ መለመን ነውር ስለሆነ እኔና እናቴ «እንደምን ሰነበታችሁ» ለማለት መስለን ሄድን። ከበሰቃ ሰፈር ወዲህ ያሉትን ቤቶች በሦስት ቀን አዳረስን። ከሁሉም ይልቅ ቃላቸው የሚሰማው የአንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ባላቸው የባቡር እሳት አንዳጅ ነበሩ። እናቴ አባቴ ለምርጫው መታሰቡን ጣል ስታደርግላቸው ምስር መልቀማቸውን ሳያቋርጡ «ደህና ሰው ነው። ምን አገኘውና ነው ዘንድሮ?» አሉ።

«ምንም፤ ሰው ጠይቆት ነው» አለች እናቴ።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩን፤ ከዚያ ወደ ምስራቸው ተመለሱ። እኔ ደብተሬ ላይ ከስማቸው አጠገብ «የተረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ጉዳይ ቀረን። በእድራችን ልማድ የተጠቆመ ሰው ተነሥቶ «እኔ አልበቃም፤ ለሌላ ይሁን» ይላል። ሰው «ተው፣ እሺ በል» ይለዋል። በሦስተኛው እሺ ይላል። እኔ ይህን አልወደድኩትም።

«አባባ፣ ዘግይተህ ነው የገባኸው። ሁለት ጠንካራ ሰዎች እያሉ እምቢ ካልክ፣ ጥሩ ብለው ይተዉሃል። ልክ እንደተጠቆምክ ተቀበል።»

«ነውር አይሆንም?»

«የሚያመነታ ዕጩ አይመረጥም።» ይህ ከትምህርቱ ማስታወሻዬ ላይ የወሰድኩት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባው በመጋዘኑ ግቢ ተደረገ። ሴቶቹ በግድግዳው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ፎርማኑ ተጠቆመ፤ ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ ተቀበለ። ጸሐፊው ተጠቆመ፤ እሱ አራተኛም ጨመረበት። ከዚያ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ እንደተነጋገርነው፣ እጁን አውጥቶ አባቴን ጠቆመ።

አባቴ ተነሣ። «እሺ። እችላለሁ» አለ።

ሰው ሁሉ ቀሪውን የሚጠብቅ ይመስል ነበር። በመጨረሻ የእድሩ ለፋፊ፣ ሰው ሲሞት ጥሩንባ የሚነፋው፣ «ጋሼ፣ ምነው ቸኮሉ? ባቡር አለብዎት እንዴ?» አለ። ግቢው በሳቅ ሞላ። ከጥገና ሠራተኞቹ አንዱ «ከሁለቱ ሐዲድ መሐል ገብተው ነዋ!» ብሎ ጨመረ። አባቴም ሊስቅ ሞከረ።

አሮጊቷ ከጥላው ሥር ተነሡ። «ዝም በሉ እስቲ። አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ሳውቅህ ወንበር ፈልገህ አታውቅም። ምን ቢቸግርህ ነው?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ እንዳይናገር ማለቴ ነበር። እሱ ግን ለእድሩ ሰዎች ዋሽቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ደብዳቤውን፣ ቆላውን፣ የእናቴን ወባ፣ ሁሉንም ባጭሩ ተናገረ። ሲጨርስ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«እና ይህን ሳትነግሩን ነው ቤታችን ስትመላለሱ የሰነበታችሁት?» አሉ አሮጊቷ፤ ይህን ያሉት ወደ እኔና ወደ እናቴ ዞረው ነው።

ድምፅ የሚሰጠው በተበሱ አሮጌ የባቡር ቲኬቶች ነበር። እያንዳንዱ አባል አንድ ቲኬት ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ ካሉት ሦስት ጣሳዎች በአንዱ ይከታል። ጣሳዎቹ ሲራገፉ ፎርማኑ አርባ ዘጠኝ፣ ጸሐፊው ሠላሳ ስምንት፣ አባቴ ስምንት አገኘ። በደብተሬ ከተረጋገጡት ሃያ ስድስት ሴቶችና ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ለፎርማኑ ሰጥተዋል። የሁለቱን ተቀራራቢ ፉክክር የወሰኑት እኛ የራሳችን ብለን የቆጠርናቸው ሰዎች ነበሩ። አባቴ የራሱን ቲኬት የት እንደከተተ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ስንወጣ አሮጊቷን በር ላይ አገኘኋቸው። ስሜቴ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም።

«አኩርፈሻል» አሉኝ።

«አይ እማማ። ግን እኮ አሳዝኖዎት ነበር።»

«አሳዝኖኝማ ነው። ሰው ለራሱ አማላጅ ይሆናል? አባትሽ ተመርጦ አለቃው ፊት ቆሞ 'እኔን አታዛውሩኝ' ሊል ነው? አይልም። አታውቂውም? ያ ባለ ወፍራም ድምፅ ግን ይልለታል። ለዚህ ነው የሰጠነው። ሰኞ ቢነግረን ኖሮ ደግሞ ምርጫም አያስፈልገው፤ ሽማግሌ እንልክ ነበር።»

ደብተሩ በእጄ ነበር፤ ከሻርፔ ሥር አስገባሁት።

ፎርማኑ በማግስቱ፣ ገና ሥራውን ሳይረከብ፣ ጸሐፊውንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ አለቃው ቢሮ ገባ። አለቃው በደንብ ተቀብሏቸዋል። ነገር ግን ደብዳቤው ከበላይ የመጣ ስለሆነና በቆላው ጣቢያ ሰው ስለሌለ፣ ተተኪ እስኪገኝ ድረስ አባቴ መሄዱ አልቀረም። በወሩ መጨረሻ አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና ብርድ ልብስ ይዞ ሄደ። ለፋፊው ሳጥኑን ባቡሩ ላይ እየጫነለት «ጋሼ፣ ያን ቀን አፌን በቆረጠው» ሲለው ሰምቻለሁ። አባቴ «ተወው፣ እውነትህን ነበር፤ ባቡር ነበረብኝ» አለው።

እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ስመጣ እናቴ ወሬውን ትነግረኝ ነበር። ፎርማኑ በየወሩ ደመወዝ በሚከፈልበት ዕለት አለቃው ዘንድ ይገባል፤ «የእኛ ሰው ነገር?» ብሎ ይወጣል። አንድ ወር ታሞ ሲተኛ ጸሐፊው በእሱ ፋንታ ገብቷል። አሮጊቷ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ከእናቴ ጋር ያድሩ ነበር። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። ስለ ምርጫውም አላነሡብንም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ወጥ እንዲጨመርላቸው ስጠይቃቸው ሁለት ጊዜ እምቢ ካሉ በኋላ፣ «ይኸው፣ እንዲህ ነው» ብለው ሳሕናቸውን አቀረቡልኝ።

ተተኪው ሰው በግንቦት መጨረሻ ተገኘ። አባቴ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ያንኑ የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ አቃቂ ጣቢያ የወረደው ሰኔ አምስት ቀን ነው።